የሌንሴ ክፍል

እኔ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህ ሳይ «ይሄን ልጅ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብዬ ከዘመድ የተቀያየምኩ ሴት ነኝ፣ ሟች ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ደግሞ ወሬውን ሳይጨርስ ተነስቼ የምሄድ ነኝ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔው ራሴ አላምነውም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አለም እባላለሁ። መቱ ተወልጄ እዚያው ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነኝ፣ ባለቤቴ ተስፋዬ መምህር ነው። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ግቢው ሰፊ፣ ከኋላ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ያለችው ነው፣ ያን ጊዜ አጥራችን እንጨትና ቁጥቋጦ ብቻ ስለነበር የጎረቤት ዶሮ እንኳ በፈለገችበት በኩል ሾልካ ትገባ ነበር። ሰርቪሷን ከኡካ ለመጣች ልብስ ሰፊ አከራይተን ነበር፣ ሌንሴ ትባላለች፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ዝምተኛ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን በእግሯ ስትረግጥ የምትውል። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነ ጥቂት ይሄድ ይሄድና ጠቅ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማው ስለኖርኩ ከሌላ መኪና ድምፅ ጋር ቀላቅላ ሰማች እንዳትሉኝ ነው አስቀድሜ የምነግራችሁ።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ እኔና ተስፋዬ ሁሩሙ ለቀብር ሄደን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንመለስ የዋናው ቤት በር ወለል ብሏል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ የጋዝ ሲሊንደሩ የለም፣ የተስፋዬ ሁለት ሙሉ ልብስ የለም፣ የእናቴ መታሰቢያ የሆነው የጆሮ ወርቄ ከነሳጥኑ ተወስዷል። ሌንሴ ክፍሏ ውስጥ ሆና ትሰፋለች።

«ምንም አልሰማሽም?» አልኳት።

«ዝናቡ እንዲህ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ምን ይሰማል፣ እትዬ አለም?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር፣ የመቱን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያ ዝናብ ሲጀምር አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ምን እንዳላችሁ አይሰማችሁም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት እውነት አልፈለግሁም፣ ሰው ነበር የፈለግሁት። የራሷ ጓጉንቸር ቁልፍ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ እሷ ከውስጥ እንዳለች በሩን ሳብ አድርጌ ቆለፍኩባት፣ ተስፋዬንም ፖሊስ ጥራ አልኩት።

መጀመሪያ በቀስታ አንኳኳች። ከዚያ በኃይል። «እትዬ አለም፣ አደራ፣ ክፈቱልኝ» ትላለች፣ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ፣ ከዚያ ዝናቡ ባሰና ድምፅዋን ሸፈነው፣ ደስ አለኝ፣ እንዳልዋሻችሁ፣ ዝናቡ ስለሸፈነልኝ ደስ አለኝ። ፖሊሶቹ የመጡት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው። በሩ ሲከፈት ወለሉ ላይ፣ በሩን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፣ እጆቿ ከመደብደብ ብዛት አብጠዋል። ሦስት ቀን አሰሯት፣ ክፍሏን ፈተሹ፣ አንድም ነገር ስላላገኙ ለቀቋት። መጥታ መኪናዋን ባጃጅ ላይ ጫነች፣ እኔን ቀና ብላ ሳታየኝ ወጣች። ሰፈሩ ግን ስም አውጥቶላት ነበር፣ «የእትዬ አለም ሌባ» ይሏታል፣ መቱ ውስጥ ጨርቁን አምኖ የሚሰጣት ሰው ስላጣች ከተማውንም ለቃ ሄደች።

መስከረም ላይ ተስፋዬ ለስብሰባ ጎሬ ሄዶ የገዛ ኮቱን አንድ ሰው ለብሶት አየ። ከማን እንደገዛው ጠየቀ፣ ያም ሌላውን ጠቆመ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ በመጨረሻ ማን ጋ እንደደረሰ ልንገራችሁ፣ ግርማ ጋ፣ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ጋ። ከስርቆቱ በፊት ሁለት ሳምንት እኛ ቤት ከርሞ ነበር፣ በእጄ አጉርሼዋለሁ። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። አልከሰስኩትም። ለጎረቤትም ትንፍሽ አላልኩም፣ «ያቺ ሌባ የደረሰችበት አልተገኘም?» ብለው ሲጠይቁኝ አንገቴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አጥር አጠርኩ። ሌባው ከቤቴ የወጣ መሆኑን ልቤ እያወቀ ግቢዬን በብሎኬት አስከበብኩ፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አስተከልኩ፣ ከሱ በላይ እሾሃማ ሽቦ አስዘረጋሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ብረት አስበየድኩ፣ የግቢውን በር ወፍራም ላሜራ አድርጌ ከላይም ከታችም መቀርቀሪያ አስገባሁለት፣ ውሻም አመጣሁ። ሰው ሁሉ «አለም ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ቤት» አለኝ። ሰርቪሷን ሳላከራያት የቡና ጆንያና መሰላል አስቀምጬባት፣ ያንኑ ጓጉንቸር መልሼ ቆለፍኩባት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በቀጣዩ ክረምት፣ እንደገና ቅዳሜ፣ ተስፋዬ ለቅሶ ሄዷል፣ ግቢ ውስጥ ከእኔና ከውሻው በቀር ማንም የለም፣ የላሜራውን በር ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ መጣ። ምስር እየለቀምኩ ነበር፣ መጀመሪያ የጆሮዬ ነገር መሰለኝ፣ ከዝናቡ ሥር አንድ ነገር ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጠቅ ብሎ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። እመኑኝ፣ በዚያ ዝናብ ጎረቤት ቤቱ ቢቃጠልና ቢጮህ አይሰማም፣ እኔ ግን መርፌው ጨርቁን ሲወጋ ይሰማኛል። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ውሻው ወደ ሰርቪሷ ዞሮ ቆሟል፣ አይጮህም፣ ሳየው ጆሮውን አጥፎ አጠገቤ መጣና ወደ ቤት ገባ፣ ከመጣ ጀምሮ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ጥላ ያዝኩና ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ዝጎ በሩ ላይ ቡኒ ውሃ አንጠባጥቧል። ድምፁ ልክ በሩ ጋ ስደርስ ጠቅ ብሎ ቆመ፣ አልቀጠለም። ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ መንኳኳት ተጀመረ፣ ኃይል የለውም፣ ደክሞት ተስፋ የቆረጠ ሰው በጣቱ እንደሚያንኳኳው ነው። «ማነው?» ልበል ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፣ ቁልፉ እጄ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ በመጨረሻ እንደምንም ከፈትኩት።

ማንም የለም። ጆንያውና መሰላሉ እንዳስቀመጥኳቸው ናቸው። ወለሉ አንድ ዓመት የከረመ አቧራ ለብሷል፣ ከበሩ ሥር ግን ሰው የሚቀመጥባትን ያህል ቦታ ንጹሕ ናት፣ እጄን ብጭንባት ሙቀት አላት፣ አሁን ሰው ተነስቶላት የሄደ ወንበር እንደሚሞቀው።

ለተስፋዬ ስነግረው አይጥ ነው አለኝ። እኔም አይጥ ነው አልኩ፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ዝናብ ሲከብድ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ተገኝቼ አላውቅም፣ ወይ ቢሮ አመሻለሁ፣ ወይ ጎረቤት እገባለሁ፣ ሰርቪሷ በር ድረስ ግን ያቺን አንዲት ቀን እንጂ ሌላ ቀን አልሄድኩም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ስሸሽ ከረምኩና አልቻልኩም፣ ሌንሴን አፈላልጌ ሁሩሙ መሆኗን ሰማሁ፣ በገበያ ቀን ሄድኩ። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች። ስታየኝ አልደነገጠችም፣ እግሯንም አላቆመችም።

«ሌንሴ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ሌባው ማን ነበር?»

«ወንድሜ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። «ለማን ነገሩ?»

«ለማንም አልነገርኩም» አልኳት።

«ለማንም ካልነገሩ እኔ ጆሮ ላይ መጥተው ቢያወሩት ምን ያደርግልኛል?» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቀጥላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ለምን መጥተው ይቆማሉ?» አለችኝ።

«የት?»

«በሬ ላይ። ዝናብ ሲመጣ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ደንበኛ እያናገረኝ እንኳ ይጥለኛል። ከዚያ እዚያ ክፍል ውስጥ ነኝ። መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እርስዎ ሲመጡ ትቼ በሩ ሥር ቁጭ እላለሁ፣ በስንጥቁ እግርዎን አያለሁ፣ ቁልፉ እጅዎ ላይ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ። ይቆማሉ፣ ይቆማሉ፣ ሳይከፍቱ ይመለሳሉ።»

«ሌንሴ፣ እኔ የመጣሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱንም ከፍቼዋለሁ» አልኳት።

«አንድ ቀን ከፈቱ፣ አዎ፣ ያን ቀን ወዲያው ነቃሁ» አለች። «ሌላውን ቀን ነው የምጠይቅዎ። ትናንትም ነበሩ።»

ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሮ ነበርኩ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ይመሰክራሉ። ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመና ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ፣ ቁጣ አልነበረም ፊቷ ላይ፣ እንዳዘነችልኝ ነው የገባኝ፣ ከስድብ የባሰው እሱ ነው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። «ዝናብ ሳይመጣ ይሂዱ» ብቻ አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ተሳፍሬ መንገድ ላይ እንዳለሁ ከመቱ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ታየኝ። ተስፋዬ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ስለሚሆን ደወልኩለት።

«ዝናብ ጀመረ እንዴ እዚያ?» አልኩት።

«ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አንቺው ቆመሽበት» አለኝ።

«የት ቆሜ?»

«ኧረ ግቢ፣ አለም፣ ሰርቪሷ በር ላይ ጀርባሽን ሰጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ? መቼ ደረስሽ ደግሞ? እንዲህ በስብሰሽ ስልክ ትደውያለሽ?»

«ተስፋዬ፣ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ» አልኩት። አጠገቤ ያለው ሰው ለሾፌሩ «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» ሲል ተስፋዬም ሰምቶታል። በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፣ ከዚያ ተቋረጠ።

ስደርስ የላሜራው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። እሱ ከምሳ ጀምሮ በእጁ ቀርቅሮት እንደነበር ምሏል፣ አጥሩም፣ ሽቦውም፣ ጠርሙሱም እንዳለ ነው፣ ስልኩን ጥሎ ሲወጣ ሰርቪሷ በር ላይ ሰው አልነበረም። ከዚያ በላይ ሊያወራኝ አይፈልግም፣ እኔም አልጫነውም።

የሰርቪሷን በር ከነማጠፊያው አስነቅያለሁ። ስለ ወንድሜም ለጎረቤቶቼ ተናገርኩ፣ አንድ በአንድ፣ ቤታቸው ሄጄ፣ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «አንቺ እኮ ደግ ነሽ፣ ለዚያች ሌባ አዝነሽላት የገዛ ወንድምሽን ስም ታጠፊያለሽ» አሉኝ። የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። ውሸቴን ለማመን አንድ ከሰዓት በቅቷቸው ነበር።

ሌላው ሁሉ ቀርቶ አሁን የሚከብደኝ ቤቴ መግባት ነው። ዝናብ በጣለበት ቀን ከሥራ መጥቼ ሳንኳኳ ተስፋዬ ወዲያው አይከፍትም። እግሩ ከበሩ ኋላ ሲቆም ይሰማኛል፣ በቀዳዳው ያየኛል፣ ፊቴን አይቶ፣ ድምፄን ሰምቶ፣ ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት «ማነው?» ይለኛል።

«እኔ ነኝ» እለዋለሁ።

እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው፣ አይስበውም። «አንቺ ማን?» ይለኛል ደግሞ፣ እኔም ዝናብ ላይ ቆሜ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱ አንዳንዴ ቶሎ አይመጣልኝም።