ለእማማ ሃዎ የተወሰደው ሱጎ

ተሻለች የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ድሬዳዋ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ነው። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባቷ ምድር ባቡር ይሠራል። እናቷ የሺአረግ ከጣሊያኖች ወጥ ቤት የለመደችውን ሱጎ ስትሠራ ሠፈሩ በሙሉ ይሸተው ነበር። ሥጋውን በቢላ አድቅቃ ትከትፋለች፣ ከሽንኩርት ጋር ታቁላላዋለች፣ ቲማቲሙን ጨምራ በዝግታ ታንተከትከዋለች። ምራቃችሁን ዋጣችሁ አይደል? እኔም እንደዚያው።

ጎረቤታቸው እማማ ሃዎ እስላም ናቸው። ባላቸው ሞቷል፤ ልጃቸው ጅቡቲ ነው። የሺአረግ ታማ በተኛች ጊዜ ተሻለችን አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። እንደምታውቁት እኛ ክርስቲያኖች የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ስለዚህ የሺአረግ ለእማማ ሃዎ የተለየ ድስት ነበራት። በዚያ ድስት የሚሠራው የቲማቲም ሱጎ ብቻ ነው፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም።

አንድ የፍስክ እሑድ እማማ ሃዎ ንዳድ ይዟቸው ተኙ። የሺአረግ የቤቱን የሥጋ ሱጎ ሠርታ ጨርሳለች። የእማማ ሃዎን ድስት ከሰል ላይ ጥዳ ለቅሶ ልትደርስ ተነሣች።

«ተሻለች፣ ቶሎ ቶሎ አማስዪው። ሲበስል ከፓስታው ጋር አድርሺላቸው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም» አለቻት።

ተሻለች ግን ገመድ ልትዘል ወጣች። ስትመለስ ቲማቲሙ አርሮ ድስቱ ላይ ተጣብቋል። ሌላ ቲማቲም በቤት የለም። የእናቷን ቁጣ ፈራች። ምን አደረገች መሰላችሁ? ያረረውን ድስት በአመድ ፈትጋ አስቀመጠች። ከዚያ የሥጋውን ሱጎ በማጥለያ አጥልላ፣ ቀዩን መረቅ ብቻ ፓስታው ላይ አፍስሳ ወሰደች።

እማማ ሃዎ ግድግዳ ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ሥጋችሁ አልነካውም አይደል?»

«አልነካውም።»

እማማ ሃዎ አመኗት። ቢስሚላሂ ብለው ጎረሱ። ደግመው ጎርሰው ሲያኝኩ ቆም አሉ። ከአፋቸው አንዲት ደቃቅ ሥጋ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አዩአት። አልተቆጡም። ሳህኑን ወደ ልጅቷ ገፋ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ የሺአረግ የላከችው ምግብ ሁሉ እንዳለ ይመለስ ጀመር። «ጠግቤያለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ» ይላሉ። የሚያበስልላቸው ሌላ ሰው የለም። በሻይና በተምር ሰነበቱ፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ። የሺአረግ «ምን አስቀየምኳቸው?» እያለች ታለቅሳለች። ተሻለች ትሰማለች፣ ዝም ትላለች። ከውሸቷ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ ይህ ዝምታዋ ነው።

በመጨረሻ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ለእናቷ ተናገረች። የሺአረግ አልመታቻትም። እጇን ይዛ ወሰደቻት። ተሻለች እያለቀሰች እማማ ሃዎ እግር ላይ ወደቀች።

«ይቅር ብዬሻለሁ። ወላሂ ቂም የለኝም» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ብርቱካን አምጪልኝ። ሳይላጥ።»

ብርቱካኑን ሮጣ አመጣች። ሊልጡት ቢሞክሩ አቅም አነሳቸው። ተሻለች ልትልጥላቸው እጇን ስትዘረጋ፣ ብርቱካኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

ክረምቱ ሳይወጣ እማማ ሃዎ አረፉ። እስከዚያ ቀን ድረስ እነተሻለች ቤት የበሰለ ነገር ወደ አፋቸው አልገባም።

ልጆች፣ እግዚአብሔር ንስሐ የገባውን ይቅር ይላል፤ እናንተ ግን አምኗችሁ የሚጎርስን ሰው ከቶ አትዋሹ።