ለውዝ የሌለበት ኬክ

አጎቷ ትንፋሹ የተቋረጠው ደረጃው ላይ፣ በእሷና በተከራዩ ክንድ ላይ እንዳለ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ወር አልፎታል። አራተኛውን ፎቅ ለቀው ሦስተኛው ሳይደርሱ ሰውነቱ ከበዳቸው፤ ወደ ታች ያወርዱት የነበረውን ሰው ወደ ላይ መልሰው አልጋው ላይ አስተኙት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ክሊኒክ እየሮጠ የመጣው ሐኪም ያበጠውን ጉሮሮ ዳስሶ ቀና አለ።

«የማይስማማው ነገር ነበር?»

«ለውዝ» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው በልቶታል።»

«ለውዝ እዚህ ቤት ደጃፍ አይደርስም!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ግን ከምሳ የተረፈው ኬክ ከዳር እስከ ዳር የተፈጨ ለውዝ ተነስንሶበት ተገኘ። በገዛ እጇ የሠራችው ኬክ ነው።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው!» አለች የአጎቷ ሚስት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቴ የምትላት ሴት። «እጅሽ ይሰበር! ያሳደገሽን ሰው!»

ፖሊሱ የውጭውን በር ቆለፈና ወንበር ስቦ እዚያው ተቀመጠ። መርማሪ እስኪመጣ የሚወጣ የለም ተባለ። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ያለው ሲሆን፣ ከተከራዩ ክፍል ለመውጣትም እጅ ለመታጠብም ሁለት እርምጃ በማይሞላው ኩሽና ማለፍ ግድ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላ ተቀመጠች፤ ከሳሎኑ የሚለያት መጋረጃ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ የአክስቷ ለቅሶ ስሟን እየጠራ ይመጣባታል።

በሕንፃው ውስጥ «አስመሳይዋ» ይሏታል። እስከ ዛሬ ሙገሳ ነበር። የሬስቶራንት ምግብ አምሮት ዋጋው የሚያስደነግጠው ጎረቤት ሁሉ ከሰው ግብዣ በናፕኪን ጠቅልሎ የደበቀውን ቁራሽ ይዞላት ይመጣል። «እስቲ ይህችን አስመስዪልኝ» ይላታል። ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ሁለት ቀን ትጠፋለች። ከዚያ የዶሮውን ቅርፊት በደረቅ ብስኩት፣ ክሬሙን በወተትና በበቆሎ ዱቄት፣ ፒዛውን ያለ መጋገሪያ ምድጃ በመጥበሻ ክዳን ሥር ሠርታ ትጠራዋለች። አጎቷ ሠላሳ ዓመት ባስተናገደበት ትልቅ ሬስቶራንት ውስጥ እግሯ ረግጦ አያውቅም፤ ከምግብ ዝርዝሩ ግን ግማሹ በእሷ ድስት አልፏል።

ከሁሉም አጎቷን ያስለቀሰው ኬኩ ነው። ሬስቶራንቱ ስም ያገኘበትን፣ በስኳር የተጠበሰ ለውዝ የሚነሰነስበትን የክሬም ኬክ ሠላሳ ዓመት ለሌላው ሲያቀርብ ኖሮ አንድም ቀን አልቀመሰውም። እሷ በለውዙ ፈንታ ደረቅ ዳቦ ፈጭታ በተቃጠለ ስኳር ጠበሰችለት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲውጥ እንባው ወረደ፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። አሁን ያው ኬክ ነፍሰ ገዳይ ሊያሰኛት ነው።

መርማሪዋ የደረሰችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች ሴት ናት። አራቱን ፎቅ ጉልበቷን እየያዘች ወጥታ ስታበቃ፣ «በመጀመሪያ ውሃ ስጡኝ፤ ያለበለዚያ ሁለት ሬሳ ልትቆጥሩ ነው» አለች። ማንም አልሳቀም። ሬሳውን አየች፣ ያልታጠቡትን አምስት ሳህኖች አየች፣ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ኬኩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ኩሽናው ውስጥ በርጩማ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«እነማን ነበራችሁ?»

«አምስት ነን» አለች ልጅቷ። «አጎቴ ትናንት ጡረታ ወጣ። እኔ፣ አክስቴ፣ ተከራያችን፣ ከሥራ ቦታው ደግሞ ሼፍን ጠራው። ሼፍ የምንለው የሬስቶራንቱን ኬክ የሚሠራውን ነው። ቤታችን ሲመጣ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።»

«ኬኩን ማን አቀረበ?»

«እኔ። የአጎቴ ሳህን ላይ ሻማ ተክዬበት ነበር። አምስቱንም ሳህን እዚህ ትቼ ልብሴን ልቀይር ገባሁ።»

«በዚያ መሃል እዚህ የገባ አለ?»

«ሁሉም። አክስቴ ውሃ ልትቀዳ፣ ተከራዩ ከክፍሉ ሲወጣ፣ ሼፍ እጁን ሊታጠብ።»

«አጎትሽ ከወደቀ በኋላስ?»

«ያኔም ሁሉም። አክስቴ ጫማዋን ልታደርግ ከደረጃው ተመለሰች። ሼፍ ስልክ ልደውል ብሎ ቀረ። ተከራዩ ስንመለስ በዚሁ አልፎ ክፍሉ ገባ።» ወደ መርማሪዋ ተጠጋች። «እኔ ለውዝ አልገዛሁም። ይመኑኝ፣ እማማ።»

መርማሪዋ ተነስታ ወደ ሳሎን ወጣች፤ ልጅቷም ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን ጣለች።

አክስቷ ቀደመች። «ጡረታ ሲወጣ አጠገቤ ይቀመጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከእሷ ጋር ኬክ ቤት ሊከፍት አሰበ! አይሆንም ብየዋለሁ፤ ጠዋትም ተጣልተናል። እና ባሌን ልግደለው?»

«ከክፍሌ እንድወጣ ነግሮኛል» አለ ተከራዩ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ እጁን አጣምሮ። «የኬክ መጋገሪያ ምድጃ ሊገባበት ነው። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም። ግን ለአንዲት ጠባብ ክፍል ብዬ በሰው ነፍስ አልገባም።»

ሼፍ ጥፍሮቹ የጸዱ፣ አነጋገሩ የረጋ ሽማግሌ ነው። «ልጅቷ ሆን ብላ ያደረገችው አይመስለኝም» አለ በሐዘን። «ቸኩላ ለውዝ ቀላቅላበት ይሆናል። በእኔም ሳህን ላይ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እመቤቴ፣ ሠላሳ ዓመት ለውዝ የቀመሰ ምላስ አይሳሳትም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ ሰማችው። በእሱም ሳህን ላይ? እሷ ራሷ በልታለች፤ ዳቦ ነበር። ወይስ አልነበረም? ዱቄት ከገዛችበት ሱቅ የሆነ ነገር ተቀላቅሎ ይሆን? ራሷን መጠራጠር ስትጀምር ግድግዳዎቹ የተጠጉባት መሰላት። በፍርግርጉ በኩል ታች መንገድ ላይ ሰዎች ወደየጉዳያቸው ሲሄዱ አየችና ቀናችባቸው።

መርማሪዋ ተመለሰች። «ኬኩን እንደገና ሥሪልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ጠዋት እንዳደረግሽው፣ ምንም ሳታወሪ።»

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ተነሳች። ብስኩቱን ደቃ በቅቤ ለወሰችና ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደለደለችው። ወተቱን ከበቆሎ ዱቄት ጋር እያማሰለች አወፈረችው፤ አብርዳ አፈሰሰችበት። ዳቦውን ፈጭታ፣ ስኳሩ ቀልቶ መሽተት ሲጀምር ጨመረችውና ቆላችው፤ ሲቀዘቅዝ በጎድጓዳ ሳህን ለብቻው አስቀመጠችው። ከዚያ ኬኩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከታ በሩን ዘጋች።

«ረሳሽ» አለች መርማሪዋ።

«ምኑን?»

«ከላይ የሚነሰነሰውን።»

«እሱማ ሲቀርብ ነው፣ በየሳህኑ። ቀድሜ ከነሰነስኩት ዳቦው ክሬሙን ጠጥቶ ይላሽቃል። ለውዝ ቢሆን ይቆያል፤ ዳቦ ግን አይቆይም።» ይህን እንደ ቁም ነገር ቆጥራው አታውቅም፤ ለሰውም ነግራ አታውቅም።

መርማሪዋ ከቆላችው ዳቦ ቆንጥራ የተረፈው ክሬም ላይ ጣል አደረገች፣ ሰዓቷን አየችና ጠበቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጣቷ ነካችው፤ ውሃ የነካው ወረቀት ሆኗል። ያኔ አንገቷን በመጋረጃው አሾልካ አክስቲቱን ጠየቀች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዚህ ቤት ኬክ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ምን ይመስላል?»

አክስቷ በለቅሶ መሃል ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «ራሰ በራ ነዋ። ባሌ ነው ያወጣለት። ‹ራሰ በራውን አምጪው፣ ዘመዴ ነው› ይላል።» ከዚያ ለቅሶው ብሶ ተመለሰ።

ተከራዩም ተጠየቀ። «ራሰ በራውን ነው የሚሉኝ? በየሳምንቱ በአጠገቡ አልፋለሁ።»

ሼፍን መርማሪዋ አልጠየቀችውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የተሞሉ አምስት ብርጭቆዎች ደርድራለች። ከየሳህኑ የተረፈውን ፍርፋሪ በየብርጭቆው ጨመረች፣ በማንኪያ አማሰለች፣ ጠበቀች። በአራቱ ውስጥ ፍርፋሪው ላሽቆ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች። ሻማ ከነበረበት ሳህን በተወሰደው ግን ከላሸቀው ዳቦ ጋር ጠንካራ ፍንካች ቀረ፤ በውሃው ላይም ቅባት ተንሳፈፈ።

«ለውዝ የነበረው በአንድ ሳህን ላይ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ዳቦው ሲቆላ የገባ አይደለም፤ ሰው ነው የጨመረው። ያ ሰው አጎትየው ከወደቀ በኋላ ተመልሶ ማቀዝቀዣውን ከፈተና ቀሪው ኬክ ላይ ነሰነሰ፤ ጥፋቱ የልጅቷ እንዲመስል። ልጅቷ ራሷ ላይ ማስረጃ አታዘጋጅም። ራሰ በራውን የሚያውቅ የዚህ ቤት ሰውም ማቀዝቀዣ ውስጥ ላለ ኬክ ጸጉር አይተክልለትም፤ ውሸት መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታላ። ያደረገው ሰው ይህን ኬክ ተነስንሶ ሲቀርብ እንጂ ሲሠራ አይቶት አያውቅም። በእሱ ሥራ ቤት ለውዙ ኬኩ ላይ ሆኖ ነው የሚያድረው።»

ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዞረ። ሼፍ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይህ ግምት ነው፣ እመቤቴ።»

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው አንድ ጥያቄ ያስቀረሁት።» መርማሪዋ አንደኛውን ብርጭቆ ወደ እሱ ገፋችው። «ይህ የእርስዎ ሳህን ነው። ዳቦ ብቻ ነው። ለውዝ ነበር ብለውኛል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ የዚህች ልጅ ደረቅ ዳቦ ለውዝ መስሎ አታሎዎታል፣ ወይ ዋሽተውኛል። ‹ተታልዬ ነው› ይበሉኝ፤ እኔም የማደርገው ይጠፋኛል።»

ልጅቷ የሰውየውን ፊት እያየች ነበር። ሁለት ቃል ነው የሚፈለግበት። በሩ ተቆልፏል፣ መውጫው ግን ተከፍቶ ተሰጥቶታል፤ ከዚህች አስመሳይ ፊት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ማለፍ ብቻ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

«ዳቦ መሆኑን» አለ በመጨረሻ፣ «አፌ ሳይደርስ አውቄዋለሁ። እኔን በዳቦ የሚያታልል ገና አልተወለደም።»

ፖሊሱ ከወንበሩ ተነሳ። ከሼፍ የኮት ኪስ የወጣው ናፕኪን እጥፋቱ ውስጥ የለውዝ ብናኝ ነበረበት፤ እሱ ግን ለናፕኪኑ ደንታም አልነበረውም።

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል» አለ። «አጎቷ ኬኳን ነስንሶ፣ በሳህን ይዞ መጣ። የእኔን ኬክና የእሷን አስተናጋጆቹን ዓይናቸውን አስጨፍኖ አቀመሳቸው። የእሷን መረጡ። በእኔ ኩሽና ውስጥ! ሳቁብኝ። እሱ ደግሞ ከፊት ለፊታችን ሱቅ እንከፍታለን ይለኛል።»

«እሱን ገድለው የእሷን እጅ ሊቀብሩ አሰቡ» አለች መርማሪዋ። «አጎቷን ከገደለ እጅ ማን ይጎርሳል ብለው።»

ሼፍን ይዘውት ሲወርዱ እርምጃው ደረጃው ላይ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። መርማሪዋም ጉልበቷን ይዛ ተከተለች፤ ተከራዩ ክፍሉ ገባ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጅቷ ግን መውጣት አልቻለችም። ያ ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርቷል፤ ከእጅሽ ማን ይጎርሳል። ሕንፃው ሁሉ የሚያስታውሰው አጎቷ ኬኳን በልቶ መሞቱን ነው። ኩሽና ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

መጋረጃው ተገለጠ። አክስቷ ናት። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ አዲሱን ኬክ አወጣች፣ አንድ ቁራሽ ቆርሳ ሳህን ላይ አኖረች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሳህኑን ወደ ልጅቷ ዘረጋች።

«ነስንሺልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ተነሳች። ስትነሰንስ ግማሹ ዳቦ መሬት ወደቀ። አክስቷ አንድ ማንኪያ አነሳች፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ጎረሰች፣ አላመጠች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ሌላ ጎረሰች፤ ሳህኑን እስክትጨርስ አላቆመችም።

«ጨምሪልኝ» አለች።