ቀለሁ የወደቀበት ቦታ

ክሌት በአሜሪካዋ አይዳሆ፣ ተራራ ሥር ባለው በገዛ ራሱ የተኩስ ሜዳ ተደፍቶ ተገኘ። ጀርባውን የመታችው ጥይት አልፋ ሄዳ ሸለቆው ውጧታል። የክሌት ጠመንጃ ከኋላው ባለው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ሚስቱ ሮንዳ ደግሞ እጇ በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ጠዋት ተጣልተው ነበር፤ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። ጥፋተኛ ከተባለች እርሻው የሟቹ ወንድም የዌንደል ይሆናል።

መርማሪዋ ኦሊታ ግን አልቸኮለችም። ክሌት ጠዋት ከተተኮሱት ጥይቶች የወደቁትን ቀለሆች ሁሉ እንደ ልማዱ ለቃቅሞ ኮፍያው ውስጥ አጠራቅሟል። ከዚያ በኋላ የተተኮሰች አንዲት ቀለህ ብቻ ከጠረጴዛው በስተቀኝ፣ ወደ ፊት ርቃ ወድቃለች። ኦሊታ ቦታው ላይ ችካል ተከለችና ስለ ጠመንጃው ዌንደልን ጠየቀችው። ሰውዬው ወንድሙ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሳቀ።

«የእኔና የእሱ መንታ ናቸው፤ በአንድ ቀን ነው የገጣጠምናቸው። የጋዝ ቱቧቸው አጭር ነው። ክሌት ‹ወደ መካከለኛው ርዝመት ልቀይር ወይስ ልተወው?› እያለ ዓመቱን ሙሉ እራታችንን ሲያበላሽ ከረመ። ካልሲ ለመምረጥም ሽማግሌ ያስፈልገው ነበር።»

«አንተስ?»

«የሚሠራ ነገር አይነካም።»

ከወንድማማቾቹ ጋር ሲተኩስ ያረፈደው ጎረቤታቸው ላይል ግን ለብቻው ሌላ ነገር ነገራት፤ ክሌት ባለፈው ሐሙስ ቱቦውን ቀይሯል፣ ለዌንደል እንዳይነግርም አስምሎታል።

ኦሊታ ሁሉንም ጠረጴዛው ዘንድ ሰበሰበች። ሮንዳም ከነካቴናዋ መጣች።

«ጥይት ስትተኮስ ጥቂት ጋዝ በቱቦው ተመልሶ ቀለሁን ያስወጣል» አለች ኦሊታ። «ቱቦው አጭር ከሆነ ጋዙ በኃይል ይደርስና የእናንተ ዓይነት ጠመንጃ ቀለሁን ወደ ፊት ያስፈነጥራል። ረዘም ካለ ይለዝባል፤ ቀለሁ ወደ ኋላ ይወድቃል።»

የክሌትን ጠመንጃ ተኮሰች። ቀለሁ ከኋላዋ ወደቀ።

«አልቀየረም እኮ» አለ ዌንደል፤ ሳቁ ደርቋል።

«ቀይሯል» አለች ኦሊታ።

የላይል ጠመንጃም ቀለሁን ወደ ኋላ ጣለ። የዌንደል ቀለህ ግን ወደ ፊት ተፈናጥሮ ችካሉ አጠገብ አረፈ።

«የአባቴን መሬት ለዚህች ልተው እንዴ?» አለ ዌንደል።

ካቴናው ከሮንዳ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። ኦሊታ ከክሌት መኪና በሪባን የታሰረ ረጅም ሣጥን አመጣች፤ የዌንደል ስም ተጽፎበታል።

«ምርጫውን ጨርሶ ሁለት ቱቦ ነበር የገዛው። ይሄኛው ለልደትህ ነው። ቀድሞ ደርሶህ ገጥመኸው ቢሆን ያንተም ቀለህ ወደ ኋላ ወድቆ ሮንዳ እስር ቤት ትበሰብስ ነበር።»

ዌንደል አንገቱን ደፋ።

«ስጪው፤ የእሱ ነው» አለች ሮንዳ።

ዌንደል ፖሊስ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ፣ እጁ ስለታሰረ ኦሊታ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጣለት የመኪናውን በር ዘጋች።