የአዞው ልብ ቦታ

ሬሳው የተገኘው ከልቦቹ ሥር ነው። ተማሪዎቹ «ዶክተር ልብ» የሚሉት የእንስሳት አካል መምህር ከጭንቅላቱ በስተኋላ ተመትቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ በኮራበት መደርደሪያ ሥር በአፍጢሙ ተደፍቷል። ከበላዩ መበስበስን የሚከላከል ፎርማሊን የሞሉ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። በየጠርሙሱ ውስጡ እንዲታይ የተሰነጠቀ ልብ አለ።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። የሟቹ አንድያ ልጅ፣ የታክሲ ሹፌር የሆነው፣ ካቴና ገብቶለት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ትናንት ወደ ማታ ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ዘበኛው ሰምቷል፤ በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መርማሪዋ ግን በቶሎ የተያዘ ጥፋተኛ አይዋጥላትም።

ልጁ ጭቅጭቁን አልካደም። አባቱ የሚያሳትመውን የልብ መጽሐፍ ሥዕሎች ሁሉ የሣለችው እናቱ ናት፤ ስሟ ግን የትም የለም። ይህ አንገብግቦት ሊናገር ሄደ። አባቱ ሳቀበት፤ እሱም በሩን አላትሞ ወጣ።

«ስትወጣ ጠርሙሶቹ የት ነበሩ?»

«ጠረጴዛው ላይ። ለእኔ ሁሉም ሥጋ ነው፤ የቱ የምን እንደሆነ አላውቅም።»

ከሟቹ ጋር ሲሠራ ፀጉሩ የሸበተው ረዳት መምህርም ይህንኑ አለ። እሱና ሟቹ ትናንት ፎርማሊን ለመቀየር ሁሉንም አውርደው የስም ወረቀታቸውን ነቅለው ነበር፤ አዲሱ ሳይለጠፍ እሱ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ሲናገር ዓይኑ ወደ መደርደሪያው እያመለጠ ፊቱ ይኮሳተር ነበር። መርማሪዋ ምን እንዳየ ጠየቀችው።

«ኧረ ምንም አይደል» አለ እያፈረ። «አዞው ቦታው እዚያ አይደለም።»

መርማሪዋ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነሳች። የበሬ ልብ የያዘው፣ ከሁሉ የሚከብደው፣ በደንብ ታጥቧል። ከሥሩ ባለው ጎድጓዳ ግን ደም ደርቆበታል።

የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ መጣች። እሷም በወጣትነቷ የዚሁ ትምህርት ተማሪ ነበረች። ልጇን ስታረግዝ ትምህርቱን ካቆመች ወዲህ ይህን ክፍል ረግጣው እንደማታውቅ ተናገረች።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ልጁን፣ እናቱንና ረዳቱን መደርደሪያው ፊት አስቀምጣ፣ ረዳቱ ስለ ልቦቹ እንዲያስረዳ ጠየቀችው። እሱም ለጀማሪ ተማሪ እንደሚናገር ቀስ ብሎ ጀመረ። በፅንስ ጊዜ የሁሉም ልብ አንድ ቱቦ ነው፤ ተጣጥፎ ነው የሚከፋፈለው። የዓሣ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ደም ይቀበላል፣ ሌላው ይገፋል። የእንቁራሪት ሦስት ነው። የእንሽላሊት፣ የኤሊና የእባብም ሦስት ነው፤ ታችኛው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ይጀመርና መሃል ላይ ይቀራል። የዶሮና የበሬ ግድግዳው ሙሉ ስለሆነ አራት ነው። መደርደሪያውም ከላይ ወደ ታች በዚሁ ቁጥር ነው የተደራጀው።

«አዞስ?»

«እሱ ተሳቢ ሆኖ ሳለ አራት ነው። ዶክተር ግን ተሳቢ ከተሳቢ ጋር ይሁን ብለው መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ነው የሚያኖሩት። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ ነው።»

«ዛሬ ግን ታች፣ ከዶሮውና ከበሬው ጋር ነው» አለች መርማሪዋ። «ወረቀት ሳይኖር ልጁ እነዚህን መደርደር አይችልም። ሟቹ ወይም እርስዎ ደርድራችሁት ቢሆን፣ አዞው ከእባቡ አጠገብ ይገኝ ነበር። የደረደራቸው ሰው የተሰነጠቀ ልብ አይቶ ይለያል፤ ዶክተር የአዞውን ቦታ እንደቀየሩት ግን አያውቅም። ይህን መደርደሪያ መጀመሪያ ያደራጀው ማነው?»

ልጁ መልሱን ያውቅ ነበር። ቀና ብሎ እናቱን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው። «ልቦቹንም የሰነጠቅኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ አዞውን ከዶሮ ጋር ሳስቀምጥ ሳቀብኝ። ትናንት ልጄ እያለቀሰ ቤት ሲገባ፣ ዘበኛው ሳያየኝ በኋላ በር ወደዚህ መጣሁ፤ ስሜን ብቻ ጻፍልኝ አልኩት። ያንኑ ሳቅ ሳቀ።»

«ጠርሙሶቹን ለምን መለሷቸው?»

«የመታሁበትን የበሬውን ከሌሎቹ መሃል ልደብቀው ብዬ። ሌሎቹን እጄ ነው የደረደራቸው፤ አላሰብኩበትም።»

«ልጅዎ ታስሮ ሲያዩስ?»

«ማስረጃ የለም፣ ትለቁታላችሁ ብዬ ነበር።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ ይህ እውነት ግን ከሁሉም በላይ መረራት።

ረዳቱ የሚያደርገው ቢጠፋው ተነስቶ አዞውን ወደ መካከለኛው መደርደሪያ ሊመልስ እጁን ዘረጋ። መርማሪዋ ማስረጃ ነው ብላ ከለከለችው።

«አሁን ያለበት ነው ቦታው» አለች እናትየው።

ፖሊሱ የያዘው ካቴና አንድ ብቻ ነበር። ከልጁ እጅ ፈታና፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ብረት ለእናቱ አሰረላት።