የተላለፈ አደራ

ዓይነ ስውሩ ዘበኛ አልጋው ላይ በገዛ ትራሱ ታፍኖ ተገኘ። በሩ አልተሰበረም፤ ገዳዩን ከፍቶ ያስገባው ራሱ ነው። ዓይኑን ያጣው በሚጠብቀው ፋብሪካ ቃጠሎ ሲሆን፣ እሳቱን ያስለኮሰው ባለፋብሪካው ነው ብሎ ከሶ እህቱ ቤት ፎቅ ላይ ተሸሽጎ ነበር።

ነገር ስለሚያበጥር «ወንፊት» የሚሉት መርማሪ መጀመሪያ እህትየውን አነጋገረ። ወንድሟ ፍርድ ቤት ውሎ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ባለፋብሪካው እዚያ በስልክ ሲመካከር ከስልኩ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ፤ ለጠበቃዬ ብቻ ነው የምነግራት» ብሎ እህቱን ወደ ጠበቃዋ አስደወላት። በማግስቱ ሞተ።

ጠበቃዋ የዘበኛውን የክስ ቃል ቀደም ሲል እሱ ክፍል ውስጥ ራሷ እንደተቀበለች ተናገረች። ባለፋብሪካው በስልክ ያማከረው መከላከያውን የሚጽፍለትን ሰው መሆኑን አመነ። ጸሐፊው ደግሞ ያን ቤት ረግጬው አላውቅም ብሎ ማለ።

ወንፊት ሁሉንም ወደ ሟቹ ክፍል ጠራቸው። ደረጃው ጨለማ ነው፤ መሐል ላይ አንዱ እርከን ወልቋል። ቀድሞ የወጣው ጸሐፊ ቁልቁል ሳያይ ተሻገረው። ጠበቃዋ ግን እግሯ ገብቶ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«ቃሉን የተቀበሉት እርስዎ አይደሉም» አላት ወንፊት። «ይህን ደረጃ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።»

ጠበቃዋ ፊቷ ቀላ። «ሥራ ሲደራረብብኝ ለሱ እሰጠዋለሁ። ያላደረገ ጠበቃ ካለ ይምጣ።»

«ሟቹ ይህን ያውቅ ነበር?»

«የቢሮዬ ሠራተኛ መስሎት ነበር» አለች። ጸሐፊው ሌላ ለማን እንደሚሠራ ጠይቃው ታውቅ እንደሆነም ጠየቃት፤ አልጠየቀችም።

«እንግዲህ ይህ ሰው ለከሳሽም ለተከሳሽም ይጽፍ ነበር» አለ ወንፊት። «ዘበኛው በድምፁ ለየው። ነገሩ ቢወጣ በሁለቱም በኩል ያልቅለታል። የእህትየው መልእክት የደረሰው ግን ለእርስዎ ብቻ ነው። ለማን አቀበሉት?»

«ሂድና የሚፈልገውን ስማልኝ አልኩት» አለች።

ዘበኛው ጠበቃዬ መጣች ብሎ በሩን ከፈተ፤ የገባው ሰው ግን ድምፁ እንዳይለይ ትንፍሽ አላለም። ወንፊት ይህን ሲናገር ጸሐፊው ወደ ባለፋብሪካው ዞረ። ባለፋብሪካው ግን እኔ ጻፍ እንጂ ግደል አላልኩህም ብሎ ፊቱን አዞረበት። ጸሐፊው እጁን ለካቴና ሰጠ።

ጠበቃዋ ወደ እህትየው ቀርባ ይቅርታ ልትጀምር ስትል እህትየው በእጇ አስቆመቻት።

«ወንድሜ የወከለው አንቺን ነበር። አሁን ከቤቴ ውጪልኝ።»

ጠበቃዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። የሸኛት ሰው የለም።