ምኞትን ከኪሉንግ ያመጣሁ ዕለት

ይህ ነገር በእውነት ደርሷል።

የሆነው እዚሁ ኦስሎ፣ ባለፈው ጥር፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊት አልነበረም። ሰው ከሥራ የሚወጣበት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከባርነሃገ፣ ማለትም ከመዋዕለ ሕፃናት፣ የሚወስዱበት ሰዓት ነበር። ግን የኦስሎን ጥር የምታውቁ ታውቁታላችሁ... በዚያ ሰዓት ጨልሟል።

ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔ ስም እንኳ አልቀየርኩም።

የአንዱ ስም እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ግርማ ይባላል። የእህቴ ባል ነው።

እህቴ ምኞት ታላቄ ናት። ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናት ትጠብቅ ነበር። እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ እኔ የምትናገረው እሷ ነበረች። ሱቅ ብንሄድ እሷ። ሐኪም ቤት ብንሄድ እሷ። "አቤሴሎም እንዲህ ነው የሚለው" ትላለች፤ እኔ ግን ምንም አላልኩም። ሁልጊዜም ትክክል ትናገራለች።

ግርማ ቫይትቬት የሚባል የኦስሎ ሰፈር ውስጥ የብስክሌት ሱቅ አለው። ብስክሌቶቹን የሚያስመጣው ከታይዋን ነው። ባለፈው ኅዳር ምኞት ለእናቴ፣ "እማዬ፣ ልፈታው ነው" አለቻት። ግርማ ሽማግሌ ላከ። አለቀሰ። "ለሥራ ስሄድ አብራኝ ትሂድ፣ አየር ለውጠን እንታረቅ" አለ።

በታኅሣሥ ታይዋን ይዟት ሄደ።

ብቻውን ተመለሰ።

"ፎቶ ልታነሳ ድንጋዩ ላይ ወጣች... አዳለጣት... ባሕሩ ወሰዳት" አለን።

አስከሬኗ አልተገኘም። የዚያ አገር ፖሊስ አደጋ ነው አለ።

እናቴ እታለም ሐዘን ተቀምጣ አልነሳም አለች። ሰው ሆልምሊያ፣ እናቴ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ያጽናናል፣ ይሄዳል። እሷ ግን ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም። አንድ ቀን እጄን ያዘችኝ።

"አቤ።"

"አቤት እማዬ።"

"ሂድና እህትህን አምጣልኝ።"

"እማዬ፣ እሷ እኮ..."

"ልብሷም ቢሆን። በራፌ ላይ ቆሜ 'ግቢ ልጄ' ሳልላት አልሞትም።"

ግርማ የቀረ ዕቃዋን ሊረከብ መሄዱ አይቀርም ነበርና አብሬው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ብዙም አላናገረኝም።

የሞተችባት ከተማ ኪሉንግ ትባላለች። የወደብ ከተማ ናት። የእነሱ የብርድ ወራት የእኛን አገር ክረምት ይመስላል... በረዶ የለም፣ ዝናብ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ግድግዳው ያልበዋል። አንሶላው ይቀዘቅዛል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም።

ያረፍነው እሱና ምኞት ባረፉበት ትንሽ ሆቴል ነበር። ባለቤቷ አሮጊት ናት። የምኞትን ሰማያዊ ሹራብ አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀምጣልናለች። ለእኔ ሰጠችኝና በእንግሊዝኛ ብዙ አወራች። የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ነው። ግርማ ተረጎመልኝ። እየሳቀ።

"ባሕር የወሰደው ሰው መንገድ ይጠፋበታል ነው የምትለው። ዘመዱ ሄዶ በስሙ ይጠራዋል። ልብሱን ይዞ እስከ ቤቱ ይመራዋል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"ድልድይ ሲሆን 'ድልድይ ነው' ትላለህ። ዋሻ ሲሆን 'ዋሻ ነው'። መኪና ውስጥ ስትገባ 'ግቢ'፣ ስትወርድ 'ውረጂ'። ዝም ካልክ እዚያው ትቀራለች። አየህ የሰው ጅልነት?"

አሮጊቷ አልሳቀችም። ጣቷን አንስታ አንድ ነገር ጨመረች።

"ምን አለች ጋሼ ግርማ?"

"መጨረሻ ላይ የቤቱ ባለቤት በገዛ አፉ ይግባ ማለት አለበት አለች። የገባበት ቤት... ለዘላለም ቤቱ ነው። አይወጣም።"

ይህን ሲተረጉምልኝ አልሳቀም።

እኔ በቤተ ክርስቲያን ያደግኩ ልጅ ነኝ። ሙታን እንደማይጠሩ አውቃለሁ። ግን ሆልምሊያ ውስጥ አንዲት እናት በር በሩን እያየች ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ድንጋዮቹ ጋ ሄድን። ግርማ ጃንጥላውን ይዞ ታክሲው አጠገብ ቀረ። ወደ ባሕሩ አልተጠጋም።

ሹራቡን ዘረጋሁ። ድምፄ እንቢ አለኝ። እንደገና ሞከርኩ።

"ምኞት... ምኞትዬ፣ እኔ ነኝ። አቤ። ነይ እንሂድ።"

ምንም የለም። ማዕበሉ ብቻ።

ስመለስ ግን ሹራቡ ከበደኝ። ዝናቡ ነው ብዬ ጨመቅኩት።

የወጣው ውኃ ሞቃት ነበር።

ታክሲው ውስጥ ገባን። ሾፌሩ ሁለታችንም ከተቀመጥን በኋላ በሩን እንደያዘ ቆየ... ትንሽ ጠበቀ... ከዚያ ዘጋው።

"መኪና ውስጥ ነን ምኞትዬ" አልኩ በሹክሹክታ።

"እንዴ፣ እስከ ኦስሎ ልታንሾካሹክ ነው?" አለኝ ግርማ።

"አዎ።"

"የእብድ ቤተሰብ!"

ድልድይ ሲመጣ ነገርኳት። አሳንሰር ሲመጣ ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አውርቼ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ስለ እሷ እየተናገርኩ ነበር።

አውሮፕላኑ ላይ ግርማ መስኮቱ ጋ፣ እኔ መተላለፊያው ጋ ተቀመጥን። መሃሉ ባዶ ነበር። አስተናጋጇ ሦስት ኩባያ ሻይ አስቀመጠች።

"ሁለት ነን እኮ!" አላት ግርማ።

ሴትየዋ ወደ መሃሉ ወንበር ጎንበስ ብላ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ይቅርታ። ተኝታለች መሰለኝ።"

ግርማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እስክናርፍ አልተመለሰም።

የባዶው ወንበር ቀበቶ ታስሮ ነበር። ማን እንዳሰረው አላየሁም።

ኦስሎ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰን ወደ ከተማ በሚወስደው ባቡር ተሳፈርን። ግርማ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አጠገቡ ማንም የለም።

"ባቡር ነው ምኞትዬ። ውጭ በረዶ አለ። ልንደርስ ነው።"

"በቃህ" አለኝ ግርማ። ከንፈሩ ደርቋል።

ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣ። የሁለታችንን አየና አልሄደም።

"የእሷስ?" አለ በኖርዌጅኛ።

"የማን?" አለ ግርማ።

ሰውየው ግርማ አጠገብ ያለውን ወንበር አየ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ይቅርታ" ብሎ አለፈ።

ወንበሩ ላይ ጠቆር ያለ እርጥበት ነበር። እየሰፋ ነው። ሰው የተቀመጠበት ያህል ሆነና... ቆመ።

ከዚያ ረጅሙ ዋሻ መጣ።

"ዋሻ ነው ምኞትዬ። አይዞሽ።"

"ተው!"

"አሁን እንወጣለን..."

"በእናትህ ተው አቤ!"

መስኮቱ ጥቁር ነበር። ግርማ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። እየተጣደፈ፣ ሌላ ተሳፋሪ እንዳይሰማው በቀስታ፣ እንዲህ አላት።

"አልገፋሁሽም... በደንብ አስቢው... አልገፋሁሽም። ተንጠልጥለሽ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ጣቶችሽን ነው ያስለቀቅኩት... ጣቶችሽን ብቻ..."

ባቡሩ ከዋሻው ወጣ።

ግርማ ተመለከተኝ። ተመለከትኩት።

ገፋት ያለ ሰው አልነበረም። ፖሊስ አላለም። እናቴ አላለችም። እኔም አላልኩም።

ኦስሎ ስንደርስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ወረደ። ቤቱ ከጣቢያው ጀርባ፣ ቢየርቪካ ሰፈር ነው። በእግረኞች ድልድይ ከተሻገሩ ቅርብ ነው።

እኔ ጣቢያው መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የሆልምሊያ ባቡር ሊነሳ ነው። እናቴ በዚህ ሰዓት በር ላይ ቆማለች። "ግቢ ልጄ" ትላታለች። ምኞት እናቷ ቤት ገብታ ታርፋለች። እናቴም ከለቅሶው ትነሳለች።

ግርማስ?

ግርማ ነገ ሱቁን ይከፍታል።

"ምኞትዬ" አልኩ። "ደረጃ ነው። ተጠንቅቀሽ ውጪ። ከዚያ ድልድይ አለ።"

ወደ ሆልምሊያ ባቡር የሚወስድ ድልድይ የለም።

ግርማን በሩ ላይ ደረስኩበት። ቁልፉን ደጋግሞ ሲስት ቆይቶ ገና መክፈቱ ነበር። ሲያየኝ በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባና መግቢያው ላይ ተገተረ።

"ለምን መጣህ? ይዘሃት ሂድ!"

እኔ ዝም። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ያኔ አሳንሰሩ ተከፈተ። እትዬ የዓለምወርቅ ናት። የዚያ ሕንፃ ደረጃና ኮሪደር የምታጸዳው እሷ ናት፤ ከእናቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። ጋሪዋን እየገፋች መጣች።

"ውይ፣ ደረሳችሁ? እግዚአብሔር ያጽናችሁ!" ከዚያ እኔን አየች፣ በሩን አየች። "ምነው ግርማ? ሐዘንተኛ ልጅ በር ላይ ታቆማለህ?"

"አይ... ሊሄድ ነው..."

"አዎ፣ እኔ ልሂድ" አልኩ። "ጋሼ ግርማን አላስቸግረው።"

መቼም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ በር ላይ ሆኖ "ልሂድ" ካለ ባለቤቱ ዝም አይልም። ቢጠላውም ዝም አይልም። ሰው እያየውማ ጨርሶ አይችልም።

"ኧረ በስመአብ!" አለች እትዬ የዓለምወርቅ። "ውኃ እንኳ ሳይቀምስ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?"

ግርማ አፈረ። ካፈረ በኋላ አፉ ቀደመው።

"ኧረ ግቡ! ግቡ እንጂ! በር ላይ ተቆሞ ይቀራል እንዴ?"

ከዚያ የተናገረውን ሰማ።

ፊቱ ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም። ግን በየቀኑ አስታውሰዋለሁ፤ ስተኛም ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

እኔ አልገባሁም። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ መንገድ ለቀቅኩ።

"ደርሰናል ምኞትዬ። ቤትሽ ነው። ግቢ።"

ሹራቡ እጄ ላይ ቀለለ። ደረቀ።

የግርማ ሁለት እጆች ሻንጣው ላይ ነበሩ። በሩ ግን ከውስጥ... ቀስ ብሎ... ተዘጋ።

እትዬ የዓለምወርቅ ወለሉን እያየች ነበር።

"ማነው በዚህ ብርድ በባዶ እግሩ የገባው?" አለች። መወልወያዋን አንስታ ወለወለችው።

ሆልምሊያ ስደርስ እናቴ እንዳሰብኩት በር ላይ ቆማ ነበር። እኔን አልፋ ከኋላዬ ደረጃውን አየች።

"አመጣሃት?"

"አመጣኋት እማዬ።"

"የታለች?"

"ግርማ ቤት ገባች።"

"እኔ እየጠበቅኳት?"

"እማዬ... አዳልጧት ብቻ አይደለም። እሱን ነው የያዘችው። ጣቶቿን አስለቀቃት። በራሱ አፍ ሲናገር ሰማሁት።"

ዓይኗን ከደረጃው ነቀለች።

"እንግዲህ ወደ እኔ አትመጣም" አለች።

"አትመጣም።"

ትቆጣኛለች የሚል ፍርሃት ነበረኝ። እናቴ ግን የነጠላዋን ጥለት ከአንገቷ አወረደች። ለሐዘን አዘቅዝቃ የለበሰችውን አዙራ፣ እንደ ደኅና ቀን አጣፋችው። ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች።

ስልኬ ጠራ።

ግርማ ነበር።

አነሳሁት። የሚሰማው ዝናብ ነው። ከባድ ዝናብ። መስኮታችንን አየሁ... ውጭ የሚወርደው በረዶ ነበር፤ ድምፅ የለውም።

ከዝናቡ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የግርማ ድምፅ መጣ።

"አቤ... ና ውሰዳት... በሩ አይከፈትም... አቤ፣ ጣቶቼን..."

ተቋረጠ። መስመሩ ግን አልተዘጋም። ሌላ ሰው ስልኩን ያነሳው ይመስል ነበር። የሚተነፍስ ሰው።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

አዳመጠች።

ከዚያ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አለች።

"እሺ ልጄ" አለች። "እሺ... ሰምቻለሁ... ቀስ ብለሽ። ማንም አያስቸኩልሽም።"

ከስልኩ ውስጥ ውኃ በክንዷ ላይ እየወረደ ወደ እጅጌዋ ይገባ ነበር።

እናቴ አልጠረገችውም።