ባገለገለ ዕቃ ላይ ታክስ የለም

«ባገለገለ ዕቃ ላይ ታክስ የለም» ይላል የዊላ አባት። ዘንድሮ የጀመረው አይደለም፤ ዊላ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሲለው ትሰማለች። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች የጋራዣቸውን በር ከፍተው፣ አሮጌ ዕቃቸውን ሣር ላይ ዘርግተው ሲሸጡ፣ ኤልደን ስታውፈር ከግቢ ግቢ እየዞረ መጋዝ፣ የመብራት ማቆሚያ፣ አንድ እግር የጎደለው ወንበር ይገዛል፤ በገዛ ቁጥርም ይደግማታል። «አንዴ ሱቅ ውስጥ ተከፍሎበታል፣ አለቀ! መንግሥት ከአንድ ወንበር ሁለቴ አይበላም!» ሻጩ ይስቃል፣ ጎረቤቱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬዋም ከዕቃው ጋር ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች።

ስለዚህ የአሥራ አራት ዓመቷ ዊላ ወጥ ቤት ተቀምጣ ደረሰኙን በስልኳ ስታይ፣ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«አባዬ፣ ሃያ አንድ ዶላር ከሰባ ሳንቲም ጨምረውብናል። ታክስ ይላል።»

ኤልደን የያዘውን ኩባያ አስቀመጠ። «ምን ታክስ? ባገለገለ ዕቃ ላይ?»

ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ጂንስም ድንኳንም የሚበሳ፣ ሁለት ሰው የሚያሸክም የብረት የስፌት መኪና። ዊላ የትምህርት ቤት እረፍቷን ሙሉ የጎረቤት ሕፃናት አፍንጫ ስትጠርግ የከረመችው ለእሱ ነው። ከአሮጌ ጂንስ ቦርሳ ልትሰፋበት። የኢንተርኔት ገበያው ላይ ስታገኘው ዋጋው ሦስት መቶ አሥር ዶላር ነበር፤ እሷም ያላት ሦስት መቶ አሥር ነበር፣ ሳንቲም አይጨምር አይቀንስ። በስሟና በቤታቸው አድራሻ አዘዘች፣ አባቷም ገንዘቧን ተቀብሎ በካርዱ ከፈለላት፤ ከዚያም ኢንተርኔት ላይ የተገናኙ የማይተዋወቁ ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት ፖሊስ ጣቢያው ፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ ሄደው ተረከቡ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ችኩል ሰውዬ የስፌት መኪናውን ከእሱ ፒክአፕ ወደ እነሱ ፒክአፕ አሻግሮ፣ በእጁ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። የሻጯ ስም ገበያው ላይ «ኦርፋ ኬ.» ይላል።

«ሴትዮዋ ናታ!» አለ ኤልደን። «ታክስ ብላ ጨምራ ኪሷ ከተተችው። ልጅ ነች ብላ ንቃሽ ነው።»

ሌላውን ሁሉ ብትችልም ንቀትን አትችልም፣ ዊላ። አስተማሪዎቿ ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ እሷም አትክድም፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። ወንበሯን ስባ ጻፈች፦ «ኦርፋ ኬ. ከምትባል ሌባ ምንም ነገር እንዳትገዙ። ታክስ እያለች የልጅ ገንዘብ ትበላለች።» ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጠቻት፤ ዜሮ መስጠት ስለማይቻል ብቻ ነው። አሁንም አልወጣላትም። የከተማው ሰው ስለጠፋ ድመትና ስለተበላሸ መንገድ የሚጽፍበት ገጽ ላይም ለጠፈችው።

ሰኞ ዕለት ጓደኛዋ ታቪያ ትምህርት ቤት በር ላይ ስልኳን እያውለበለበች ጠበቀቻት።

«አንቺ! ጨርሰሻታል እኮ! አርባ ሰው ወዶታል። ስሚ ይሄንን፣ ስሚ...» ታቪያ ድምጿን እንደ ዜና አንባቢ አወፈረች። «‹ይቺ ኦርፋ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ ሽያጭ ላይ የገንዘብ ሳጥን የምትይዘው አይደለችም እንዴ?› አንዱ ደግሞ ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ? ‹እንግዲያው ሳጥኑን የሚጠብቅ ውሻ እንግዛ!›»

ታቪያ በሳቅ ፈረሰች። ዊላም ሳቀች። እስካሁን ኦርፋ ኬ. ማለት ስልክ ላይ ያለች ስም ነበረች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ ሰው የሚያውቃት፣ ሳጥን የምትይዝ ኦርፋ ግን አዲስ ሆነችባት።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ በስሟ የተላከ ደብዳቤ አገኘች። ውስጡ አንድ ሃያ ዶላር፣ አንድ ዶላር፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር የተለጠፉ ሰባት ባለ አሥር ሳንቲሞችና አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፦ «ለተፈጠረው ነገር ይቅርታ። እባክሽ የጻፍሽውን አንሺው። ኦርፋ ኬ.»

ኤልደን እንደ ወጣለት የሎተሪ ቲኬት አየው። «አየሽ? አመነች! ንጹሕ ሰው ገንዘብ ይመልሳል?»

ዊላ ድሏን ለከተማው ለማሳየት ቸኮለች። ብሩን ፎቶ አነሳች፤ ከጎኑ ለመለጠፍ ደረሰኙን ከፈተች፣ ወደ ታች ገፋችው። እስከ መጨረሻው ወርዳበት አታውቅም ነበር። ግርጌው ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አለች። የሽያጭ ታክሱን የሰበሰበው ገበያው ራሱ እንደሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ለግዛቱ ገቢ እንደሚደረግ፣ ለሻጭ የሚደርስ ነገር እንደሌለ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የግዛቱን የገቢዎች ቢሮ ገጽ ፈልጋ አነበበች፤ እዚያም ያው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሃያ ዶላር አየችው። ሴትዮዋ ያልወሰደችውን ገንዘብ ከገዛ ኪሷ አውጥታ ነው የላከችው።

«አባዬ፣ አልወሰደችም።»

ኤልደን መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። «ሣር ላይ ስንገዛ ግን አንድም ቀን...»

«ሣር ላይ የሚሸጥልህ አሮጌ ዕቃውን ያወጣ ሰው ነዋ። እዚህ ግን ገበያው እንደ ሱቅ ይቆጠራል። ዕቃው አዲስ ሆነ አሮጌ ሆነ ታክሱን እሱ ይቆርጣል።»

«ይሄ ሕግ መቼ ወጣ?»

«እኔ እንጃ። ቆይቷል።»

ኤልደን መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «በይ እንግዲህ፣ ገንዘቡም መጥቷል፣ ነገሩም አልቋል። አሁን ተነስተሽ ተሳስቼ ነው ብትዪ አገሩ ሁሉ የሚስቀው ባንቺ ነው።» በእኔም ነው አላለም። ዊላ ግን ሰማችው።

ሐሙስ ለታቪያ ነገረቻት። ታቪያ የምሳዋን የድንች ጥብስ እየበላች ትከሻዋን ሰበቀች። «አጥፊዋ በቃ። ማን ያስታውሳል? ነገ ሌላ ድመት ይጠፋና እሱን ያወራሉ።»

«ያነበቡት ሰዎችስ? ከጭንቅላታቸው ላይ እንዴት ነው የማጠፋው?»

«ኡፍ፣ አታካብጂ! ብሩንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

«አላውቅም።»

በእርግጥም አላወቀችም። ሐሙስ ማታ ጽሑፉን ከሁለቱም ቦታ አጠፋችና የሚቀላት መስሏት ጠበቀች፤ አልቀለላትም። ዓርብ የማስተካከያ መልእክት ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን ቃል በጻፈቻት ቁጥር ጣቷ እየተመለሰ ይሰርዛታል። ሌላውን ሰው ሌባ ለማለት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ራሷ ተሳሳትኩ ለማለት ሁለት ቀን አልበቃትም። ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ክፍሏ ዋለች። አባቷም የዚያን ዕለት ዕቃ ሊገዛ አልወጣም፤ ጀርባዬን አሞኛል አለ፤ ጀርባውን ይዞ ግን አላየችውም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተቀምጣ በአንድ ትንፋሽ ጻፈች፦ «ስለ ኦርፋ ኬ. የጻፍኩት ውሸት ነው። ታክሱን የቆረጠው ገበያው ነው፣ የሄደውም ለግዛቱ ነው። እሷ ምንም አልወሰደችም። ደረሰኙን ሳላነብ ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ። ዊላ ስታውፈር።» ሙሉ ስሟን። ለጠፈችው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ የታቪያ መልእክት ነው። «ደነዝሽ እንዴ?!» ዊላ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ፖስታውን ጃኬቷ ኪስ ከትታ ብስክሌቷን ከጋራዡ ስታወጣ አባቷ በር ላይ ቆሟል።

«ወዴት ነው?»

«አድራሻዋ ፖስታው ጀርባ ላይ አለ። ይሄ ብር የኛ አይደለም፣ አባዬ።»

ኤልደን ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «አየር የለውም» አለና መንፊያውን አመጣ። ሁለቱንም ጎማ ነፋላት።

ቤቱ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ በረንዳው የተጠረገ። በሩን የከፈቱት ሰባ ዓመት የዘለላቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለው አስረዋል። ዊላ መንገዱን ሁሉ ያሰናዳችው ንግግር ነበራት። አንዱም አልመጣላትም።

«ወይዘሮ ኦርፋ? እኔ ዊላ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ሌባ ናቸው ብዬ የጻፍኩብዎት እኔ ነኝ። ስህተቱ የኔ ነው። አስተካክዬ ጽፌያለሁ። ይሄ ደግሞ ገንዘብዎ ነው፤ ሊልኩልኝ አይገባም ነበር።» ፖስታውን ዘረጋችላቸው።

ወይዘሮ ኦርፋ ፖስታውን አልተቀበሉም። እሷን ነው የሚያዩት።

«ምን ላይ ነው የጻፍሽው፣ የኔ ልጅ?»

«ኢንተርኔት ላይ። ስለ ስፌት መኪናው።»

«እኔ እኮ ኢንተርኔት የለኝም። የስፌት መኪናውን በስሜ የሸጠልኝና ያስረከባችሁ ልጄ ነው፤ ይሄንንም የላከው እሱ ይሆናል። ለኔ የነገረኝ ነገር የለም።» እጃቸው ወደ በረንዳው ወንበር ሄደ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሌባ አልሽ?»

ዊላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«ለካስ!» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሐሙስ ዕለት ፓስተሩ ደውለው ዘንድሮ ይረፉ አሉኝ። የገንዘብ ሳጥኑን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እርስዎ ለሽያጩ የሚመጣውን የፓይ ኬክ ይቁረጡ አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። እኔ ደግሞ አረጀሽ ሊሉኝ አፍረው መስሎኝ... ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው ዓይኔን አያየኝም።»

«ስማቸውን ይንገሩኝ» አለች ዊላ። «ፓስተሩን ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ እሄዳለሁ። ሁሉም ሰው ፊት መናገር ካለብኝም እናገራለሁ። ሳጥኑን ይመልሱልዎታል። ሽያጩ መቼ ነው?»

ወይዘሮ ኦርፋ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ የለባቸውም፤ ዊላ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ትናንት ነበር» አሉ።